አዲስ የዲግሪ ፕሮግራም እንዴት እውቅና ያገኛል?

ከላንቴም ሆነ ከሌላው የጋሞ ቀበሌ ልጁን አርባ ምንጭ ልኮ ሊያስተምር ያሰበ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮሌጁ እውቅና አለው ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ተቋሙ ስም ያለው ቢሆንም፣ ልጁ የሚማርበት ፕሮግራም የእውቅና ፈቃድ ላይኖረው ይችላል።

ፈቃድ ሰጪው ማን ነው?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን አቋቋመ። ዛሬ ሥራውን የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

የግል ኮሌጅ ምን ይጠበቅበታል?

ኮሌጁ አዲስ ፕሮግራም ለመክፈት ሲያመለክት ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የመምህራኑን ማስረጃና የበጀት አቅሙን ያቀርባል። ቀጥሎ ገምጋሚዎች ቦታው ድረስ ሄደው በወረቀት የቀረበው በተግባር መኖሩን ያያሉ። ነርሲንግ ከሆነ የመለማመጃ ክፍሉን ከነአልጋውና ከነሞዴሉ ይመለከታሉ፤ ተማሪው በሽተኛ አጠገብ ቆሞ የሚለማመድበት ሆስፒታል መኖሩንም ይጠይቃሉ።

ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ይታደሳል። የሚያገለግለውም ለተጠቀሰው ፕሮግራም፣ ደረጃ፣ ካምፓስና የትምህርት አሰጣጥ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ አካውንቲንግ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ በዚያው ፈቃድ አርባ ምንጭ ላይ ወይም በርቀት ማስተማር አይችልም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲስ?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚቋቋመው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። አዲስ ፕሮግራም ሲከፍት የቆየውም በአብዛኛው በራሱ ሴኔት ውሳኔ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተጀምሮ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነውን አርባ ምንጭን እንውሰድ። በሙዝ አመራረትና ገበያ ላይ ያተኮረ ዲግሪ ልክፈት ቢል፣ የመጀመሪያ ሥራው የፍላጎት ዳሰሳ ነው። ሙዝ አምራች የሆኑት የላንቴ ገበሬዎች፣ ማኅበሮቻቸው፣ ነጋዴዎቹና የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደጎደላቸው ይጠየቃሉ። ተመራቂውን ማን ይቀጥረዋል? አሁን ያለው የዕፅዋት ሳይንስ ትምህርት አይበቃም ወይ? ለእነዚህ መልስ ከተገኘ በኋላ ዲፓርትመንቱ ሥርዓተ ትምህርት ይቀርጻል፤ የውጭ ገምጋሚዎች ይተቹታል፤ የኮሌጁ ጉባኤ ያየዋል፤ በመጨረሻ ሴኔቱ ያጸድቀዋል ወይም ይመልሰዋል።

ከተከፈተ በኋላስ?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ፈተናው የሚመዝነው ተማሪውን ይሁን እንጂ ውጤቱ የፕሮግራሙንም ገበና ያወጣል። በወረቀት አምሮ የጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት መምህርና ቤተ ሙከራ ከሌለው እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ስለዚህ የመመዝገቢያ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የፈቃዱን ደብዳቤ ያሳዩኝ ይበሉ። የፕሮግራሙን ስም፣ ደረጃውን፣ ካምፓሱን፣ መደበኛ ወይም ርቀት መሆኑን፣ ጊዜው የሚያበቃበትንም ቀን ያንብቡ። ካጠራጠርዎ ባለሥልጣኑን ይጠይቁ። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ካገኙ ደግሞ ፈቃዱ እስኪወጣ ገንዘብዎን ይያዙ፤ ያለ ፈቃድ የተሰጠ ዲግሪ ሥራ ሲፈለግበት ተቀባይነት የለውም።