መንገድ ለሚረከብ ኃላፊ የሚያስፈልግ ፊዚክስ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጥቁር አፈር በሚገኝባቸው ሥፍራዎች የሚመላለስ ሰው የመረሬን ጠባይ ያውቀዋል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ምክንያቱም በውስጡ የሚገኙት ስስ የሸክላ ማዕድን ንብርብሮች ውሃ ሲገባባቸው ይራራቃሉ፤ ሲወጣላቸው ይቀራረባሉ። በላያቸው የተሠራው መንገድም አብሮ ይነሣል፣ ይወርዳል።

በከተማ ይህን የሚያጠና መሐንዲስ አይታጣም። ሆኖም በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የተጀመረው «ዩራፕ» የተባለው ፕሮግራም ብዙውን ኃላፊነት በክልልና በወረዳ ጫንቃ ላይ አኖረ። የወረዳው ኃላፊ ግን መሐንዲስ ላይሆን ይችላል። ታዲያ ምን ይሠልጥን?

በጸሐፊው እምነት ሥልጠናው ከሪፖርት አቀራረብ አስቀድሞ ከውሃ መጀመር ይገባዋል። 6 ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር መንገድ ከመሐሉ ወደ ግራና ቀኝ 5 በመቶ ቢያዘቀዝቅ፣ መሐሉ ከዳሩ በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህን ለማረጋገጥ ሲባጎና ውሃ ልክ ይበቃሉ።

የአፈሩን ጥንካሬ ደግሞ 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ57.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ሾጣጣ ብረት በሚያስገባበት መሣሪያ መለካት ይቻላል። በእያንዳንዱ ምት 45 ጁል ያህል ጉልበት ይለቀቃል፤ ብረቱ በጥቂት ምት ብዙ ከጠለቀ መሬቱ ደካማ ነው። ነገር ግን በበጋ የተለካ መረሬ ጠንካራ መስሎ ያታልላል፤ ሠልጣኙ ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው።

ይህን ሳያውቅ ርክክብ የፈረመ ኃላፊ ስሕተቱን የሚያየው ክረምት ሲገባ፣ ነፍሰ ጡሯ ዳግመኛ በቃሬዛ ስትወሰድ ነው።