ስድስት ማጉያ ለአንድ ሳሎን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ዛሬ ለእንጅባራና ለዳንግላ ነጋዴዎች የሚቀርበው ሸቀጥ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም «ሆም ቴአትር» የሚባለው፥ ሰሚውን በዙሪያው የሚከብብ ባለ ስድስት ሣጥን ድምፅ ማጉያ ነው። በፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ሸጦ ገንዘብ የያዘ ገበሬ «ይህ ዕቃ ቴሌቪዥኔን ያሳምርልኛልን?» ብሎ ሲጠይቅ ባለ ሱቁ ምን ይመልስለት?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስቱ ማጉያዎች ከፊት፥ ሁለቱ ከጎንና ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ስድስተኛው ጐርናናውን ድምፅ የሚያወጣው ቤዝ ነው። ከፊተኞቹ መካከለኛው የተናጋሪውን ቃል ይሸከማል፤ የኋላዎቹ የሕዝቡን ጩኸትና የሚያልፈውን መኪና ያሰማሉ። ለዚህ ሥርዐት ተብሎ የተቀዳ ፊልም ወይም የኳስ ጨዋታ ሲሰማበት ልዩነቱ ታላቅ ስለ መሆኑ ክርክር የለም።

ክርክሩ ያለው እንዲህ ሆኖ ባልተቀዳው ላይ ነው። ከዲሽ የሚወርደው የሀገር ውስጥ ስርጭት በአብዛኛው ከሁለት የድምፅ መሥመር አይበልጥም። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንዲህ ያለው ስርጭት ሲታይ፥ የኮቴው ድምፅ ከተመልካቹ ጀርባ ተለይቶ አይመጣም። ዕቃው ከራሱ አስልቶ ወደ ኋላ ቢልከውም የጋዜጠኛው ቃል አብሮ ሊደበዝዝ ይችላል። ያልተላከ ድምፅ በሣጥን ብዛት አይገኝም።

ቤቱም የራሱ ፍርድ አለው። በአዊ ክረምቱ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ዜናው ይዋጣል። ያን ጊዜ የሚፈለገው የቃሉ መጥራት ነው እንጂ ከኋላ የሚመጣ ድምፅ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በሲኒማ ቤት የተጀመረው «ዶልቢ አትሞስ» ለመኖሪያ ቤት ሲሠራ፥ አንዳንዱ ዓይነት ድምፁን ወደ ላይ ልኮ ከጣሪያ ያነጥራል፤ ይህም ጠፍጣፋ ኮርኒስ የሚሻ ስለ ሆነ ተዳፋት ቆርቆሮ አይመቸውም። ወንበሩ ግድግዳውን ተደግፎ በቆመበት ጠባብ ሳሎንም ለኋላ ማጉያዎች ስፍራ አይኖርም። (ሽቦውን ከሕፃናት መጠበቅ ሳይቆጠር!)

የዛሬው ቴሌቪዥን ቀጭን በመሆኑ የውስጥ ማጉያው ትንሽ፥ ብዙ ጊዜም ፊቱን ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ያዞረ ነው። ስለዚህ ከፊት የሚቀመጡ ሁለት ደኅና ማጉያዎች፥ ወይም «ሳውንድ ባር» የሚባለው አንድ ረጅም ሣጥን፥ ለብዙው ቤት በቂ ናቸው።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ተወድዷል፤ በመደርደሪያ ላይ የሚከርም ሆም ቴአትርም የባለ ሱቁን ገንዘብ አስሮ ይይዛል። ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ዘወትር የሚያየውን ጣቢያ በሱቁ ከፍቶ በሁለቱም ዕቃ ማሰማት፥ የሳሎኑንም ስፋት መጠየቅ ይገባል። ቴሌቪዥኑ «ኤ አር ሲ» የሚል የኤች ዲ ኤም አይ መሰኪያ ወይም የብርሃን ገመድ መውጫ እንዳለው መመርመር አይዘንጋ፤ ቀይና ነጭ መሰኪያ ብቻ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን፥ ሣጥኑ ስድስት ቢሆንም የሚያስተላልፈው ሁለት መሥመር ብቻ ነው።