ሶኬቱ ከሚቆረጥ ፒኗ ብትወጣ

የቆሼ ስም በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰው የማረቆ በርበሬ ነው። ከተማዋ ከቡታጅራ ወደ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆኗ ጆንያ የጫነ አይሱዙ እዚያ ብርቅ አይደለም። የበርበሬ ነጋዴ ትርፉን በኪሎ ሲያሰላ፣ ጭኖ የቆመ መኪና የሚበላውን ቀን ከሒሳብ ማስቀረት የለበትም። መኪና የሚያቆመው ደግሞ ሁልጊዜ ሞተር አይደለም፤ አንዲት የዛገች የሶኬት ፒን ትበቃለች።

ፒን በሽቦው ጫፍ ላይ ተጨፍልቃ የምትታሰርና በፕላስቲኩ ሶኬት ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ብረት ናት። ወደኋላ እንዳትንሸራተት የሚይዛት ቀጭን ምላስ አለ። ምላሱ ሳይጫን ሽቦውን የሚጎትት ሰው ወይ ሽቦውን ይበጥሳል፣ ወይ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። የፒን ማውጫ ሥራ ይህንን ምላስ መጫን ብቻ ነው። ለክብ ፒኖች የሚሆነው እንደ ቱቦ ሆኖ ፒኗን ዙሪያዋን ያቅፋታል። በአውሮፕላን ጥገና የሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት ሁለት ጫፍ አለው፤ ባለቀለሙ ማስገቢያ፣ ነጩ ማውጫ ነው።

ማውጫው ከሌለስ? መርፌ ወይም የተሞረደ ካቻቢቴ ይሞከራል። እሱም እምቢ ካለ ሶኬቱ በፒንሳ ተቆርጦ ሽቦ ከሽቦ ይጠመዘዛል፣ በናስትሮ ይጠቀለላል። መኪናው ይነሳል፤ ባለቤቱም በርካሽ ተገላገልኩ ይላል። ዕዳው ኋላ ይመጣል። የተጠመዘዘው ቦታ እርጥበት ያስገባል፣ ይዝጋል፣ ይሞቃል። ቀጣዩ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ የትኛው ሽቦ የት እንደነበር ሲፈልግ ይውላል፤ የቀን ሒሳቡም በባለመኪናው ላይ ነው።

ለሱማሌ ተራ መለዋወጫ ነጋዴ እንግዲህ ይህ ዕቃ ከፊውዝና ከአምፖል ጎን ቦታ ይገባዋል። ክብደት የለውም፣ መጋዘን አያጣብብም። ሆኖም አንድ ማውጫ ለሁሉም ሶኬት አይሆንም። ብዙ ቅርጽ በአንድ ላይ የያዘው ስብስብ ዓይን ይስባል፤ ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ግን ገና ሁለተኛዋ ፒን ላይ ይታጠፋል። ገዢ ከመክፈሉ በፊት ጫፉን በጥፍሩ ገፋ አድርጎ ቢያይ አይጎዳም። አዲስ ፒንና መጨፍለቂያ ፒንሳ አብረው ካልተሸጡም ንግዱ ግማሽ ነው። የወጣችው ፒን ብትመለስ እንኳ ምላሷ ቀና ካልተደረገ ተንሸራታ ትወጣለች።

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሙሉ የገመድ ጥቅል ከመለወጥ አንዲት ፒን መጠገን ይበልጥ ያዋጣል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ሲሰማ ደግሞ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞረ፤ እዚያ ሶኬቱም ገመዱም የመኪናው ዋና አካል ነው። ጥንቃቄው ግን ሌላ ነው። ብርቱካናማው ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያሳልፋልና የሠለጠነ ባለሙያ ኃይሉን ሳያቋርጥ ማውጫም ሆነ ካቻቢቴ አይጠጋውም።