በዘር የሚወረስ ኮሌስትሮል፦ ከቤሩት የተነሳ ምርምር

በቤሩት ዳርቻ ካለው ፉርን ኤል ሸባክ በደማስቆ መንገድ ወደ መሀል ቤሩት የሚሄድ ሰው ብሔራዊ ሙዚየሙን ካለፈ በኋላ የቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ሳይንስ ግቢ ያገኛል። ማሪያን አቢፋደል የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ፋኩልቲ ባዮኬሚስት ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለልብ ሕሙማን የሚሰጡ አንዳንድ መርፌዎች እሳቸው ከተሳተፉበት አንድ ግኝት የተወለዱ ናቸው።

ኮሌስትሮል ስሙ ይክፋ እንጂ ያለ እሱ መኖር አይቻልም። የሴል ሽፋን፣ የተለያዩ ሆርሞኖችና የሐሞት አሲዶች ሁሉ ከእሱ ይሠራሉ። አብዛኛውንም የሚያመርተው ሰውነት ራሱ ነው፤ ከምግብ የሚገኘው ያንሳል። ችግር የሚመጣው ኤልዲኤል በሚባለው ቅንጣት ተጭኖ በደም ውስጥ ሲከማችና የደም ሥር ግድግዳ ላይ ሲጋገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት አቬዲስ ካቻዱሪያን አስደንጋጭ ሕሙማን ያዩ ነበር። ገና በልጅነታቸው ክርናቸው፣ ጉልበታቸውና የተረከዛቸው ጅማት ላይ ቢጫ የቅባት እብጠት ያወጡ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው በልብ ድካም ይቀጠፉ ነበር። ካቻዱሪያን የልጆቹን ዘመዶች ደም እየመረመሩ በ1964 ውጤቱን አሳተሙ። ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ኮሌስትሮሉ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ከአባትም ከእናትም የወረሰ ግን አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ዘመድ ከዘመድ በሚጋባባቸው ቤተሰቦች ደግሞ ጉድለቱ ከሁለቱም ወገን የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በአሜሪካ ዳላስ የሚሠሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ምክንያቱን አገኙ። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅምበት ተቀባይ ፕሮቲን አለ፤ በእነዚህ ሕሙማን ላይ የተበላሸው እሱ ነው። ሁለቱ በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቡድን የሊባኖሳውያኑን ጉድለት ለይቶ አወጣው፦ በዘረ መል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ ተቀባዩ በአጭሩ ተቆርጦ ይቀራል፣ ወደ ሴሉ ገጽ ሳይወጣም ውስጥ ተይዞ ይበላሻል። ለውጡ እስከ ዛሬ በሊባኖስ ስም ይጠራል።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። ተቀባያቸው ደህና ሆኖ ኮሌስትሮላቸው እንደዚያው የሚያሻቅብ ቤተሰቦች ነበሩ። አቢፋደል በፓሪስ ከካትሪን ቧሎ ቡድን ጋር ሲሠሩ የፈረንሳይ ቤተሰቦችን ዘረ መል ፈትሸው በ2003 ፒሲኤስኬ9 የተባለ ዘረ መል ላይ ደረሱ። ከዚህ ዘረ መል የሚሠራውን ፕሮቲን በዚያው ዓመት በሞንትሪያል ያገኙት ናቢል ሰይዳህ ናቸው።

የፒሲኤስኬ9 አሠራር በእውነት ይደንቃል። በዘሩ ከፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ወገን ነው፤ የሚቆርጠው ግን ራሱን ብቻ ነው፣ እሱንም አንድ ጊዜ። ከዚያ ከጉበት ወደ ደም ይወጣና ተቀባዩ ላይ ይለጠፋል። ደህናው ተቀባይ እንደ መርካቶ ተሸካሚ ነው፦ ኤልዲኤልን ይዞ ወደ ሴሉ ይገባል፣ ያራግፋል፣ ለሌላ ጭነት ይመለሳል፤ ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ ያደርገዋል። ፒሲኤስኬ9 የተለጠፈበት ግን አይመለስም፤ ከጭነቱ ጋር ይፈጫል። በፈረንሳዮቹ ቤተሰቦች ኢንዛይሙ ከልክ በላይ ይበረታ ነበር።

የተገላቢጦሹም ተገኘ። በ2006 ዳላስ የሚሠሩት ጆናታን ኮኸንና ሄለን ሆብስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከሁለቱ የፒሲኤስኬ9 ዘረ መል ቅጂዎቻቸው አንዱ የማይሠራላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ፣ የልብ ደም ሥር በሽታ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ ዝቅ ብሎ ታየ። ኢንዛይሙን በደም ውስጥ የሚያፍኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች በ2015 ተፈቀዱ። ውድ ናቸው። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ግን ኮሌስትሮል የሚያመርተውን ሌላ ኢንዛይም የሚገታው ስታቲን የተባለው ክኒን አሁንም የመጀመሪያው ሕክምና ነው፤ ዋጋውም ከመርፌው እጅግ ያንሳል።

ቀጭን መሆንም ሆነ ጾም መጾም ከዚህ ውርስ አያድንም። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ60 በፊት በልብ ድካም የተያዙበት ሰው ደሙን ይመርመር። ኤልዲኤሉ በዴሲሊትር ከ190 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ልጆቹንም ያስመርምር፤ በልጅነት የተጀመረ ሕክምና የልብ ድካምን በብዙ ዓመታት ያርቃል።