ጓዳችንን እናደራጅ፦ ቁጠባንና ንጽህናን ያጣመረ የቤት ውስጥ ምግብ ዝግጅትና አያያዝ

በአገራችን በኮቪድ-19 የተያዘ የመጀመሪያው ሰው መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ በወረርሽኙ ወቅት ወደ ገበያ መውጣት እንደ ቀድሞው ቀላል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ገበያ ሰዎች የሚተፋፈጉበት፣ ገንዘብና ሸቀጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩበት ስፍራ ነው። ስለሆነም በየዕለቱ ለጥቂት ሽንኩርትና ለአንድ ሲኒ ዘይት ከመመላለስ ይልቅ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የሚበቃውን አስቦ በአንድ ጊዜ መሸመት ለበሽታው መጋለጥን ይቀንሳል። ይህ ሲባል ግን ከፍጆታ በላይ ማከማቸት ማለት አይደለም፤ ያለ ልክ የሚሸምት ሰው ዋጋ እንዲንር ያደርጋል፣ የዕለት ገቢውን ተስፋ አድርጎ የሚኖር ጎረቤቱንም ባዶ እጁን ያስመልሳል።

በጓዳ በአግባቡ የተያዘ ምግብ አንድ የገበያ ጉዞ ያስቀራል። ያለ ጥንቃቄ የተያዘ ምግብ ደግሞ ቤተሰቡን ለተቅማጥና ለመመረዝ ዳርጎ፣ ባልታሰበ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ያስወጣል። ስለዚህ ቁጠባና ንጽህና ተነጣጥለው መታየት የለባቸውም።

እርጥበትን ማስወገድ

ምግብን የሚያበላሹ ረቂቅ ተዋህስያን ለመራባት እርጥበት ያስፈልጋቸዋል። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀሙባቸው የኖሩት ዘዴዎች አብዛኞቹ በዚሁ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

ቋንጣ ሲዘጋጅ በጤና ባለሙያ ከተመረመረ ከብት የተገኘ ሥጋ በስሱ መዘልዘል አለበት፤ የወፈረ ሥጋ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይበላሻልና። በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ዝንብና አቧራ በማይደርስበት ነፋሻማ ስፍራ ይሰቀላል። ሲያጥፉት የሚሰበር ከሆነ ደርቋል። ሲመገቡትም በሚገባ አብስለው ይሁን።

የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት በፊት በንጹህ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይደረጋል። ሻጋታ የታየበትን እንጀራ ግን ሻጋታውን ፍቆ መመገብ አይገባም፤ ሻጋታው በዓይን ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃልና። ቅቤም በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት ሲነጠር ለረጅም ጊዜ የሚቆየው በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ ስለሚያልቅ ነው።

የሽሮ እህልና በርበሬ ከመፈጨታቸው በፊት ፈጽመው መድረቅ ይኖርባቸዋል። በእርጥበት የሻገተ በርበሬ፣ ለውዝ ወይም በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና ለካንሰር የሚዳርግ ሲሆን፣ በማብሰል አይጠፋም። ዱቄቱን በንጹህ፣ ደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ እርጥብ ማንኪያም አያስገቡበት። ፀሐይ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የሚደርቀው ሁሉ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢደርቅ ይመረጣል።

በጥቂት ወጪ የተሟላ ማዕድ

እንጀራን ከሽሮ፣ ከምስር ወይም ከአተር ጋር መመገብ የቆየ ልማድ ብቻ አይደለም። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ክፍል ሌላው ይሞላል፤ በመሆኑም ሥጋ መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ገንቢ ምግብ አጣ ማለት አይደለም። ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ተዘፍዝፈው ቢያድሩ ፈጥነው ስለሚበስሉ ከሰልና ማገዶ ይቆጥባሉ። ባቄላን በቆልት ማድረግ ደግሞ በደረቁ ፍሬ ውስጥ እምብዛም የማይገኘውን ቫይታሚን ሲ ያስገኛል፤ በቆልቱ ከመበላቱ በፊት ግን ይቀቀል።

ጎመን ከመከተፉ በፊት በንጹህ ውሃ ይታጠብ፤ በጥቂት ውሃና ለአጭር ጊዜ ይብሰል። አትክልትን በበረኪና ወይም በሳሙና ማጠብ ለጤና ጎጂ ነው። ድንች ጨለማና ነፋሻማ በሆነ ስፍራ ይቀመጥ፤ አረንጓዴ የሆነው ክፍልና ቡቃያው መርዛማነት ስላላቸው ተቆርጠው ይጣሉ። አዮዲን ያለው ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም የሚጨመረው ሊወጣ ሲል ይሁን።

ቁጠባ ሲባል የነፍሰ ጡሮችን፣ የሚያጠቡ እናቶችንና የሕፃናትን ድርሻ መቀነስ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት በቀን አንድ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ከጡት ወተት በተጨማሪ ከእህልና ከጥራጥሬ የተዘጋጀ ገንፎ ይመገብ።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

ምግብ ከማዘጋጀትዎና ከመመገብዎ በፊት እጅዎን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን ቢላዋና መክተፊያ ሳያጥቡ ለሌላ ምግብ አይጠቀሙበት። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ በዚያው ማዕድ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ያብስል። በማቀዝቀዣ የቆየ ወጥ ከመበላቱ በፊት እስኪፈላ ድረስ ይሙቅ።

የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተሞልቶና ታሽጎ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቆይ፣ ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። መርዙ በሽታም ሆነ በጣዕም ላይታወቅ ስለሚችል፣ በጥቂቱ አዘጋጅተው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይጨርሱ። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል መያዣ የነበረ ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብም ሆነ ለውሃ አያገልግል። ለነቀዝ የሚሸጡ እንክብሎችም የሚገድል ጋዝ ስለሚያመነጩ ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይቀመጡ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ወይም ሌላ ማንኛውም ምግብ ኮቪድ-19ን እንደማይከላከልና እንደማያድን ይገንዘቡ። መልካም ምግብ ሰውነትን ያጠነክራል እንጂ የእጅ መታጠብን፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛን፣ የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀትንም አይተካም። በአንድ ገበታ መጎራረስ የፍቅራችን መግለጫ ቢሆንም፣ በወረርሽኙ ወቅት ለየብቻ በሳህን መመገብ ይመረጥ ነበር። ፍቅራችንን በሌላ መንገድ መግለጽ እንችላለን፤ ከጓዳችን ጥቂት ሽሮ ወይም ድርቆሽ ቀንሰን፣ ከቤት መውጣት ለማይችል አረጋዊ ጎረቤት ደጃፍ እናድርስ። የበሽታው ምልክት ከታየብዎ በ8335 ነጻ የስልክ መስመር ይደውሉ።