የአንበጣ በሽታ ለገበሬ መድኃኒት ሲሆን

ጊዜው ጥቅምት 2013 ዓ.ም ነው። በወሎ ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላው አሽቶ ለአጨዳ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ከምሥራቅ በኩል እንደ ደመና የመጣው የአንበጣ መንጋ ፀሐይዋን ጋርዶ ማሳው ላይ ሰፈረ። ሽማግሌውም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም ጅራፍ እያጮኸ፣ ጣሳ እየመታ፣ ጨርቅ እያውለበለበ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመድኃኒት ርጭት ተካሄደ። አንበጣውም ረገፈ።

በዚያው ቀበሌ የምትኖረው አክስቴ በጓሮዋ አራት ባህላዊ ቀፎዎች ነበሯት። በርጭቱ ማግሥት ከፈጅር ሶላት በኋላ ወጥታ ስትመለከት በየቀፎው አፍ ሥር የሞተ ንብ ተከምሯል። ያልሞተውም መሬት ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሽከረከራል። ከወር በኋላ ልጠይቃት ስሄድ እንዲህ አለችኝ፦ «አልሐምዱ ሊላህ፣ እህሉ ግማሹም ቢሆን ተርፎልናል። ግን አንተ ተምረሃልና እስቲ ንገረኝ፤ አንበጣውን ገድሎ ንቡን የሚተው መድኃኒት የለም ወይ?»

ያን ዕለት የምመልስላት አጣሁ። ከዚያ በኋላ ግን የግብርና ባለሙያዎችን ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትንም አነበብሁ። ውድ አንባቢያን! ይህ ጽሑፍ ለአክስቴ የዘገየ መልስ ነው። መልሱም «አለ፤ ነገር ግን ቀድሞ ለነቃ ሰው ነው» የሚል ነው።

መርዙ ለምን አይለይም?

በዚያ ወቅት በአገራችን ለአንበጣ መከላከያ ከዋሉት ኬሚካሎች መካከል ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ ይገኙበታል። ሁለቱም የሚገድሉት በአንድ መንገድ ነው። ነርቭ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ መልእክቱን የሚያቆም ኢንዛይም አለ። መርዙ ይህን ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል። በመሆኑም ነርቩ እረፍት ያጣል፤ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻም ነፍሳቱ ይሞታል። ችግሩ ይህ ኢንዛይም በአንበጣ ብቻ ሳይሆን በንብም፣ በዓሣም፣ በሰውም አካል ውስጥ መኖሩ ነው። ልዩነቱ በዋነኛነት የመጠን ነው። ጥንቃቄ ሳያደርግ የሚረጭ ገበሬ ምራቁ ቢበዛ፣ ቢያስታውከው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህን ስንል ያኔ ባይረጭ ይሻል ነበር ማለታችን አይደለም። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ የበረሃ አንበጣ መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰዎች የሚመገቡትን ያህል ይበላል። መንጋው ከደረሰ እህል ላይ ሰፍሮ ሳለ ገበሬውን «ታገስ» ማለት ይከብዳል። ንቡም ቢሆን የማር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኑግንና ሌሎች ሰብሎችን አበባ ለአበባ እየዞረ የሚያዳቅለው እርሱ ነው። ቀፎው ባዶ ሲሆን የሚቀጥለው ዓመት ምርትም አብሮ ይጎዳል።

ሻጋታ ወታደር ሲሆን

እያንዳንዷ እናት ሻጋታን ታውቀዋለች። ለሁለት ቀን ተከድኖ በቆየ እንጀራ ላይ የሚወጣ ጠላት ነው። ከዚሁ ወገን የሆነ፣ እንጀራን ሳይሆን አንበጣንና ፌንጣን ብቻ የሚያጠቃ አንድ ፈንገስ አለ። ሳይንቲስቶች ሜታራይዚየም አክሪደም ይሉታል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። እንደ ዱቄት የደቀቀው የፈንገሱ ዘር አንበጣው ቆዳ ላይ ያርፋል። እዚያው ይበቅላል፤ ጠንካራውን ቆዳ በስቶም ይገባል። ከዚያም በሰውነቱ ውስጥ ይባዛል። አንበጣው መብላት ይቀንሳል፤ ይደክማል፤ በወፎችም በቀላሉ ይለቀማል። ሌላው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። በእርጥበት ጊዜ ከሬሳው ላይ አረንጓዴ ዘር ይወጣል፤ ይህም ሌላውን አንበጣ ሊበክል ይችላል። ይህ ፈንገስ የአንበጣ ወገኖችን ለይቶ ስለሚያጠቃ ንብን፣ ወፍንና ከብትን አይጎዳም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1879 (እ.ኤ.አ.) በኦዴሳ አካባቢ ኤሊ ሜችኒኮቭ የተባለ ሳይንቲስት ስንዴ የሚያጠፋ ጢንዚዛን የዚህ ፈንገስ ዘመድ በሆነ ሻጋታ ለመከላከል ሞክሮ ነበር። ይህ ሰው ኋላ በ1908 በሕክምና የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ይሁንና ሻጋታ እርጥበት ይወድዳል፤ አንበጣ ደግሞ የሚፈለፈለው በበረሃ ነው። ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ መሰናክል ሆኖ ቆየ።

ከ1986 እስከ 1989 (እ.ኤ.አ.) አፍሪካን ካጥለቀለቀው የአንበጣ ወረርሽኝ በኋላ የተለያዩ አገሮች ተመራማሪዎች በአንድነት ተነሡ። ኒጀር ውስጥ ከፌንጣ ላይ የተገኘውን ፈንገስ አራብተው ዘሩን ከውኃ ጋር ሳይሆን ከዘይት ጋር ቀላቀሉት። ዘይቱ ዘሩን ከድርቀት ጠበቀው፤ አንበጣው ቆዳ ላይም አጣበቀው። ለአንድ ሄክታር 50 ግራም ገደማ የፈንገስ ዘር ይበቃ ነበር። በዚህ መንገድ «ግሪን መስል» የተባለው ምርት ለገበያ በቃ።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) በታንዛኒያ፣ በካታቪና በሩክዋ ሐይቅ ሜዳዎች የተነሣው ቀይ አንበጣ በዚሁ ፈንገስ ተረጭቶ ወረርሽኙ ሳይስፋፋ ተገትቷል። በ2020 ደግሞ ግመልና ፍየል የሕዝቡ ሕይወት በሆነባት ሶማሊያ ይኸው ፈንገስ በሰፊው ሥራ ላይ ውሏል።

ታዲያ ለምን በየቦታው አይረጭም?

ሕያው መድኃኒት እንደ መርዝ ፈጣን አይደለም። መርዝ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ፈንገሱ ግን ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። የታመመ አንበጣ ፀሐይ እየሞቀ የሰውነቱን ሙቀት ከፍ በማድረግ በሽታውን ማዘግየት ይችላል። ክንፍ አውጥቶ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዝን መንጋ ደግሞ አንድ ቦታ ይዞ ማቆየት አይቻልም። ዘሩም ሕይወት ያለው በመሆኑ በሙቀትና በፀሐይ ይሞታል፤ ቀዝቃዛ መጋዘን ያሻዋል።

ነገር ግን አንበጣ ሁልጊዜ ክንፍ የለውም። ከእንቁላሉ እንደወጣ ኩብኩባ ነው። መብረር አይችልም፤ እየዘለለ በምድር ላይ ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ አምስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ፈንገሱ የሚያስፈልገው ጊዜ ይህን ያህል ነው! እንግዲህ ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኩብኩባው ገና በአፋርና በሶማሌ ቆላዎች ሳለ ከታየ፣ ወሬው ቶሎ ከደረሰ፣ መድኃኒቱም በመጋዘን ከተዘጋጀ የወሎ ቀፎ አይነካም። ወሬው ከዘገየ ግን ከመርዝ በቀር አማራጭ አይኖርም። ስለዚህ ኩብኩባ አይቶ ለቀበሌው የሚናገር ግመል ጠባቂ የመድኃኒቱ ግማሽ እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአንበጣ ባሻገር

ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ የመከላከል ጥበብ በሌሎች ሰብሎችም ይሠራል። በ1901 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ከታመሙ የሐር ትሎች የተገኘ፣ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዛሬ በዱቄትና በፈሳሽ መልክ ተዘጋጅቶ ጎመንና ቲማቲም በሚበሉ ትሎች ላይ ይረጫል። ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው አንጀቱ ይቀደዳል። በትል ላይ የሚሠራው በትንሽነቱ ነው፤ ከጎለመሰ በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል። በአገራችን የጽጌረዳ እርሻዎችም የቅጠል ጭማቂ የምትመጥን ሸረሪት መሰል ተባይ የምትበላ ሌላ አዳኝ ነፍሳት ገዝቶ መልቀቅ ከተለመደ ቆይቷል።

ገንዘብ የሌለው ገበሬም መንገድ አለው። ናይሮቢ በሚገኘው ኢሲፔ በተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የተሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው፦ በበቆሎ መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል፣ በማሳው ዙሪያ ደግሞ የዝሆን ሣር ይተከላል። የዴስሞዲየሙ ሽታ አገዳ ቆርቋሪውን ያባርረዋል፤ ሣሩ ወደ ዳር ይስበዋል። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራንም ያዳክማል። ከሁሉ በላይ ሁለቱም ለላምና ለፍየል መኖ ይሆናሉ።

ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ አይጎዳም ማለት አይደለም። የትምባሆ ውኃ ከቅጠል የተገኘ ቢሆንም ኒኮቲኑ ብርቱ መርዝ ነው። ሕያው ምርት የሚገዛ ሰው የሚያበቃበትን ቀን ይመልከት፤ በጥላና በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጠው፤ ፀሐይ ዘሩን ስለሚገድለው ወደ ማታ ይርጨው።

ኬሚካል ግድ ሲሆን ደግሞ ጧት ማልዶ ወይም ንብ ከተሰበሰበ በኋላ ይረጭ። የርጭት ማስታወቂያ የሰማ ንብ አናቢ ማታውኑ የቀፎውን አፍ አየር በሚያስገባ መረብ ዘግቶ በእርጥብ ጨርቅ ያልብሰው፤ ወይም ራቅ ወዳለ ቦታ ይውሰደው። የመርዝ ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃ፣ ለወተትም ሆነ ለዘይት አይሆንም። አንበጣ መብላት በሸሪዓችን የተፈቀደ መሆኑ ይታወቃል። መርዝ ተረጭቶበት የረገፈውን መልቀም ግን ራስንና ልጆችን ለአደጋ መስጠት ነው፤ ለዶሮም አይሰጥ።

ባለፈው የዒድ በዓል ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኋት። ከአራቱ ቀፎዎች ሁለቱ ዳግም ንብ ገብቶባቸዋል። አዳምጣኝ ስትጨርስ ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያውስ ያ የአፋር ግመል ጠባቂ የቀፎዬ ዘበኛ ነው በለኛ! አላህ ዓይኑን ያብራለት፤ የሚሰማው ሰውም ይስጠው» አለች። አሚን! እኛም የሚናገረውን በጊዜ የምንሰማ ያድርገን።