ለትንሿ ኮልት የሚሆን እርሳስ

በሮም ምሥራቅ፣ በካዚሊና ጎዳና ዳር ያለችው ቶር ፒኛታራ በጦር መሣሪያ የምትታወቅ ሰፈር አይደለችም። እኛ ሐበሾች እንኳ ብናነሳት የቅድስት እሌኒ መካነ መቃብር ፍራሽ እዚያ ስላለ ነው። ይሁንና የዱሮ ሽጉጥ ወዳጅ እዚህ ቢኖር በመሣሪያ እጦት አይቸገርም፤ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ኮልት አስመስላ ለዓለም የምትሸጠው ጣሊያን ናት። በብሬሻ አውራጃ፣ በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ፣ ኡበርቲ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይህንኑ ሥራ ይዟል።

ጣጣው ያለው ጥይቱ ላይ ነው።

ከእነዚህ ሽጉጦች ቀደምቶቹ ቀለህ የላቸውም። በሚሽከረከረው ጎማ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጥቁር ባሩድ ይጨመራል፤ በላዩ ድቡልቡል እርሳስ ይጠቀጠቃል፤ ከኋላ ባሩዱን የሚለኩስ ካፕሱል ይደረጋል። የ1849ኙ የኪስ ኮልት ጥይት ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 3 ግራም ያህል ነው። ከቀዳዳው በጥቂቱ መወፈር አለበት፤ ሲጠቀጠቅ ዙሪያው ተልጦ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ከወደቀ ልኩ ትክክል ነው። ቀለበት ካልወደቀ ጥይቱ በተኩስ ንዝረት ወደ ፊት ሊንሸራተት፣ እሳቱም ወደ ጎረቤት ቀዳዳ ሊዘል ይችላል።

ስለዚህ ንጹሕና ለስላሳ እርሳስ ያስፈልጋል፤ ጥፍር ሲጭረው ምልክት የሚይዝ። አሮጌ የውኃ ቧንቧና የጣሪያ ልባስ ከሁሉ ይሻላሉ። ከጎሚስታ ቤት የሚለቀመው የመኪና ጎማ ሚዛን ግን አንቲሞኒ ስላለበት ይጠነክራል፤ መጠቅጠቂያውን ይፈትናል። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ለአዳዲስ መኪኖች የእርሳስ ሚዛን ስለከለከለ ዛሬ ብዙው ዚንክ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ዚንክ በ420፤ ሁለቱ ከተደባለቁ ማቅለጫው ሁሉ ይበላሻል።

ትንሽ ጥይት ማውጣት ከትልቁ ይከብዳል። 3 ግራም እርሳስ የያዘው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ ቅርጽ ማውጫው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጥይቱም ተጨማዶ ይወጣል። የተጨማደደው ተመልሶ ይቀልጣል እንጂ አይተኮስም። ጊዜ የሌለው ሰው የተዘጋጀ ጥይት በሳጥን ቢገዛ ይሻለዋል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚተኩስ ሰው ማቅለጡ ትርፉ ድካም ነው።

አገራችን ይህን ዓለም አታውቀውም አይባልም። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ነው። ኋላ ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ ሲገባ ጥይት ተቆጥሮ እንደ ገንዘብ በገበያ ይሰጥ ነበር፤ እያንዳንዱ ፍሬ ዋጋ ነበረው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ ነጻ ያደረገችው አንድ ብቻ የሚጎርሱትን ቅጂዎች ነው። ባለጎማው ኮልት በዚህ አይካተትም፤ ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል። እርሳስ የሚያቀልጥ ሰውም ደጅ ላይ ያቅልጥ፣ ወጥ የሚሠራበትን ድስት አይንካ፣ አንዲት ጠብታ ውኃ እንዳትገባበት ይጠንቀቅ፣ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ። መሣሪያውን ገና ሊገዛ ያሰበ ደግሞ አስቀድሞ ኩዌስቱራ (ፖሊስ መምሪያ) ይሂድ፤ ለሶጆርኖ (ለመኖሪያ ፈቃድ) የተሰለፈ ሐበሻ መንገዱን አያጣውም።